አሻጋሪውን የገደልኩበት ሰሞን

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ዛሬ አሻጋሪውን ገደልኩት።

ይህን መስመር ሌላ ሰው ቢያገኘው ፖሊስ ይጠራል፤ ስለዚህ ላስረዳ። በሥራዬ መነጽር ሠሪ ነኝ፤ ሌንስ እሞርዳለሁ፣ ፍሬም አቃናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ተራኪ ነኝ። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለው የድሮ የዳንስ ማስተማሪያ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ መስታወቶቹን ባለቤቴ በሰፋችው መጋረጃ እንሸፍንና ወንዝ ዳር ያለች አንዲት ከተማ እንሆናለን። እያንዳንዱ ሰው የሚለብሰው ሌላ ሰው አለው። አንዱ ባለወፍጮ ነው፣ አንዷ ዳኛ ናት፣ አንዱ ሌባ ነው። የተጻፈ ቃል የሚያጠና የለም፤ ያሻቸውን ይናገራሉ፣ ያሻቸውን ያደርጋሉ። የዝናቡን፣ የወንዙን፣ የእሳቱንና የሞቱን ነገር የምናገረው እኔ ነኝ። እጄን ሳነሳ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ያልኩት ሆነ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

አሻጋሪው ሊፍት ጠጋኝ የሆነው ልጅ የሚለብሰው ሰው ነው። ልጅ ልበለው እንጂ ሠላሳን አልፏል። በራሱ አንደበት ሲናገር ይንተባተባል፤ ስሙን ለመናገር እንኳ ሦስት ጊዜ ይጀምራል። አንድ አሮጌ ካፖርት ደርቦ አሻጋሪውን ሲሆን ግን ምላሱ ይፈታል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ሰው በጀልባ ሲያሻግር አንድም ቀን ቃል ተይዞበት አያውቅም።

ዛሬ ወንዙ ሞልቷል አልኩ። ጀልባ አይሄድም ማለቴ ነው፣ ይሄ ለማንም ግልጽ ነው። እሱ ተነሣና ከዚህ የባሰ ውኃ አቋርጫለሁ፣ ማዶ የታመሙ ሰዎች አሉ፣ የሚመጣ ይምጣ አለ። እንዲያው አነጋገሩ! አግዳሚ ወንበሮቹን ጀልባ አድርገው አሥር ሰው ተሳፈረ። መሀል ላይ ነርሷ ከች አለች። ሐሙስ ዕለት፣ ቅዳሜ ተረኛ ነኝ አልመጣም ብላን ነበር፤ ባልደረባዋ ድንገት ቀየረችላት። ቦርሳዋን ጥላ እሷም ዘላ ገባች። እጄን አነሳሁ። አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ፤ ንግግሩን ቀጠለ። ሌሎቹም እሱን ነበር የሚያዩት። እጄ እንደተሰቀለ ቀረ።

«የጀልባው ወለል ሌሊት በመጋዝ ተቆርጧል፤» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «መሀል ወንዝ ላይ ተሰነጠቀ። ተሳፋሪዎቹ ዋኝተው ወጡ። አሻጋሪው ሰጠመ።»

 ልጁ ካፖርቱን አወለቀ፣ አጣጠፈና ወንበር ላይ አስቀመጠው። ነርሷ ናት የተናገረችው። «ይሄ ነገር ፖስታው ውስጥ አለ?» አለችኝ።

የፖስታው ነገር ተራኪ እንዳሻው እንዳይፈነጭ ራሴ ያወጣሁት ደንብ ነው። የዕለቱን ድብቅ ነገር፣ ማን ምን እንደሰረቀ፣ የቱ ድልድይ እንደሚከዳ፣ ከጨዋታው በፊት ጽፌ አሽጌ ለእትዬ ማኅተም እሰጣለሁ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ አይጫወቱም፣ ፖስታውን በቦርሳቸው ይዘው ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። ቅጽል ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ውሳኔዬን የተጠራጠረ ሰው ካለ ፖስታው በሚቀጥለው ቅዳሜ ይከፈታል። በዕለቱ አይከፈትም፤ ሰው ደሙ ፈልቶ እያለ ወረቀት አይነበብም ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፣ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበርኩ።

አለ አልኳት። ከአፌ ወጣ።


እሁድ፣ ጥር 4

ፖስታው ውስጥ የጻፍኩት ስለ ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ነው። ባለወፍጮው እህል ሲመዝን ያጭበረብራል፣ ትናንት ያንን ነበር የሚደርሱበት። ስለ ጀልባው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። ሳስብ የነበርኩ ይመስለኛል። ተራኪ በልቡ ያለውን ሁሉ ወረቀት ላይ አያሰፍርም።

ምሳ ላይ ባለቤቴ ፊትህ ለምን ጠቆረ አለችኝ። ደንብ ካልተከበረ ክለቡ ይፈርሳል አልኳት። ማነው ያላከበረው አለች። እጄ ተነሥቶ እያየ የሚያወራው ሰውዬ ነዋ አልኳት። ሲያወራ ጥሩ ነበር? አለችኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ጥሩ መሆኑ ምን አገናኘው? አይ እንግዲህ ብላ ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች።

ከሰዓት እትዬ ማኅተም ቤት ሄድኩ። የመነጽራቸው እግር ከላላ ሰንብቷል፤ ዛሬ ነገ ስል አንድ ወር ሆኖኛል፣ ዛሬ ሄጄ ማጥበቅ አለብኝ አልኩ። በጣም ደስ አላቸው። «አንተ ልጅ፣ በእረፍት ቀንህ?» እያሉ ሻይ አቀረቡልኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ያለ መነጽር ከክንዳቸው ርቀት በላይ ያለ ነገር ለእሳቸው ጭጋግ ነው፤ ሌንሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስለ ድሮ ዳኞች አጫወቱኝ። ቦርሳቸው መሀላችን ወንበር ላይ ነበር።

ሁለቱንም ብሎን አጠበቅሁ። ሌላም ያስተካከልኩት ነገር አለ፤ እዚህ መጻፉ ምን ይሠራል። ፖስታው የሚታሸገው በቀይ ፕላስተርና በእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ማንም ይሄ አይበቃም ብሎ አያውቅም።

መነጽሩን መልሰው ሲያደርጉት «አሁን ገና ዓለም ጠራልኝ» አሉ።


ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሥራ በዛ። አንድ ሌንስ አበላሸሁ፤ ቀኙን ለግራ ሞረድኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ። ማንም አላየም፣ ሌላ ሠራሁ።


ቅዳሜ፣ ጥር 10

ፖስታው ተከፈተ።

ያነበበው ጠበቃው ነው። ጠበቃ ስንለው ሕግ ተምሮ እንዳይመስል፤ መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው። ግን ደንብ ሲነሳ ቀድሞ የሚቆም እሱ ነው፣ ስሙ በዚያ ወጣለት። ፊርማዬን አየ፣ ፕላስተሩን አየ፣ ለሁሉም አሳየ፣ ቀደደው። «የጀልባው ወለል ሌሊት በመጋዝ ተቆርጧል። አሻጋሪው አሥራ አንድ ተሳፋሪ ይዞ መሀል ወንዝ ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ ተሳፋሪዎቹ ይድናሉ፣ እሱ ይሰጥማል» ይላል። ድምፁ ለማንበብ ጥሩ ነው። እኔም በደንብ ነው የጻፍኩት፤ ሲነበብ ያምራል።

ጠበቃው በቃ ነገሩ አለቀ አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። እትዬ ማኅተም ደረታቸውን ነፋ አድርገው ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፣ ፍርድ ቤትም ሠላሳ ዓመት ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም አሉ። ሰዉ ሁሉ ዕፎይ ያለ መሰለኝ። ነርሷ ብቻ መሬት መሬት እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ምን እንደምትል አልሰማሁም።

በደንባችን ሰውየው የሞተበት ተጫዋች አዲስ ሰው ይሰጠዋል፤ የምሰጠውም እኔ ነኝ። ለልጁ ደወል ደዋይነትን ሰጠሁት። ደወል ደዋይ መናገር አያስፈልገውም፤ ይቀለዋል ብዬ ነው። ራሱን ነቀነቀ። አመሰግናለሁ ማለቱ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።


ሐሙስ፣ ጥር 15

ነርሷ ሱቅ መጣች። የመነጽሯ ፍሬም ተጣሟል፤ በሽተኛ ሲያነሱ ተቀምጠውበት ነው አለች። ተቀብያት ሳቃናው ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ስንተኛ ነበርኩ?»

«የት ላይ?»

«ጀልባው ላይ። አሥር ሰው ተቀምጦ ነበር የደረስኩት። አሥራ አንደኛዋ እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንደምመጣ እኮ እኔም አላውቅም ነበር።»

አንገቴን ወደ ፍሬሙ አቀረቀርኩ። ተራኪ ይገምታል አልኳት።  እሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተራኪ ድብቁን ይጽፋል እንጂ ሰው የሚያደርገውን አይጽፍም፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ አለችኝ። እውነት ነው፤ ያንን ቃል በቃል ለስንቱ ተናግሬዋለሁ። ከዚያ «ለማንም አልተናገርኩም፣ ራስዎ ቢናገሩት ብዬ ነው የመጣሁት» አለችና መነጽሯን ተቀበለች። ስታደርገው በቀኝ በኩል ትንሽ ያዘነብል ነበር። አይቻለሁ፤ መልሺልኝ ግን አላልኩም።

የተራኪነት ወንበሬን ፈልጋ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «ነርሷ ብትተርክስ» ሲል እየሰማሁ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት እኔው ነኝና።

አሥራ አንድ ብዬ ባልጽፍ ኖሮ። «ተሳፋሪዎቹ» ብል ይበቃ ነበር። ቁጥር ሲገባበት ይበልጥ እውነት ይመስላል ብዬ ነው። ይሄ የእኔ በሽታ ነው፤ ነገር ማሳመር እወዳለሁ።


ቅዳሜ፣ ጥር 17

ጸጥ ያለ ጨዋታ ነበር። ደወል ስለሌለን ልጁ የብረት ትሪ በማንኪያ ይመታል። ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ሦስቱንም በሰዓቱ። የቀረውን ጊዜ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ሁሉም እጄን ሳነሳ ቀጥ አለ። ማንም አልተከራከረኝም።

ጥሩ ነበር። ትንሽ ደበረኝ እንጂ።


ረቡዕ፣ ጥር 21

ሱቄ ያለበት ሕንጻ ሊፍት ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ቆመ። ውስጡ የእኔ ደንበኛ ነበሩ፤ አዲስ መነጽራቸውን ወስደው ሲወጡ የነበሩ ትልቅ ሴትዮ። ብቻቸውን ናቸው፣ መብራቱም ጠፍቷል። በሩን ይደበድባሉ። ጠጋኝ ተጠራ፤ የመጣው ልጁ ነበር።

አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝና ዕቃውን አወጣ። መጀመሪያ የሚሠሩት ነገር ውስጥ ያለውን ሰው ማረጋጋት ነው መሰለኝ፤ አፉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ እ... እ... አለ። ቃሉ አልመጣለትም። ከውስጥ ማነው፣ ምንድን ነው እሱ፣ ለምን አይናገርም እያሉ ጭራሽ ባሰባቸው። ግንባሩ በላብ ራሰ። እኔ ገባሁበት፤ እናቴ አይዞዎት፣ መነጽር ሠሪው ነኝ፣ ጠጋኝ መጥቷል፣ አሥር ደቂቃ ነው አልኳቸው። ተረጋጉ። እሱ ዝም ብሎ ሥራውን ሠራ፤ ሰባት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

ሴትዮዋ መርቀውን ከሄዱ በኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ አልኩት። መጠየቅ አልነበረብኝም። ዕቃውን እየሰበሰበ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«በ... በፊት እሱን እሆንና... እሱን ሆኜ ነበር የማናግራቸው። አሻጋሪውን። ይ... ይሰሙኝ ነበር።» ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። «አሁን ልጠራው ስል ሞ... ሞቷል እላለሁ።»

«ጨዋታ እኮ ነው፤» አልኩት።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ጨዋታ እኮ ነው ያለኝን ሰው ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ስቆጣ የኖርኩ ሰው። ልጁ አላዘነብኝም፣ ወይም አላሳየኝም። ደህና ዋል ጋሼ ለማለት ሞክሮ ግማሹ ላይ ተወው። ሳጥኑን አንሥቶ በደረጃ ወረደ።

አንጀቴን በላኝ። ይሄንን እጽፋለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።


ቅዳሜ፣ ጥር 24

ዛሬ አልተጫወትንም፤ ስንጨቃጨቅ ዋልን። መጨቃጨቅ ልበለው እንጂ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው የለም። ሁሉም ወንበሩን ክብ አድርጎ ተቀምጦ በተራ ተናገረ።

ሐሳቡን ያመጣችው ዳኛዋን የምትለብሰው ዳቦ ጋጋሪ ናት። ተራኪ አንዳችን የለበስነውን ሰው መግደል ካለበት ለባሹን ያስፈቅድ አለች። አንዱ ሁለት ተራኪ ይኑር አለ። አንዱ በየሦስት ወሩ እንምረጥ አለ። እኔም ተናገርኩ፣ ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት። አስፈቅዶ የሚመጣ ሞት ማንን ያስፈራል? ሁለት ሰው በአንድ ወንዝ ላይ ሲያዝ አንዱ ሞልቷል አንዱ ጎድሏል ካለ ማን ይታመናል? እጅ ሲነሳ ካልተቆመ ምኑ ጨዋታ ነው? ራሳቸውን የነቀነቁ ነበሩ። ልጁ ትሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰማል።

ከዚያ ጠበቃው እጁን አወጣ። ትናንት ተማሪዬ መብራት ላይ ስታቆም ድንገት ትዝ አለኝ አለ። ወረቀቱ አሥራ አንድ ተሳፋሪ ይላል፤ የተሳፈረውም አሥራ አንድ ነው፤ አሥራ አንደኛዋ ግን እንደማትመጣ ነግራን ነበር። «ተራኪያችን ነቢይ ካልሆነ ወረቀቱ ከጨዋታው በኋላ የተጻፈ ነው» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተዉት።

ፖስታው የነበረው ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳው የእትዬ ማኅተም ነው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ዳቦ ጋጋሪዋ እንዲያውም ልታግዛቸው ፈልጋ ምናልባት ሳያስተውሉ ለሌላ ሰው ሰጥተውት ይሆን፣ ወይ የሆነ ቦታ ረስተውት ሰው ነክቶት ይሆን አለች። እትዬ ማኅተም ቦርሳቸውን ከፍተው ውስጡን አዩ። አሁን ምን ሊያገኙበት?

«ይሆናል፤» አሉ። «ሰሞኑን ነገር ይምታታብኛል መሰለኝ። ያልወጣ መስሎኝ ወጥቶ ይሆናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ይቅር በለኝ። በእኔ ምክንያት ስምህ ተነሣ።»

ነርሷ አየችኝ። እኔ መጋረጃውን አየሁ። አንዱ ጥግ ስፌቱ ተተርትሯል፤ ለባለቤቴ መንገር አለብኝ።

እቤታቸው ሳደርሳቸው መኪና ውስጥ ቦርሳቸውን ደጋግመው ከፍተው አዩት።


ሰኞ፣ ጥር 26

ምንም።


ረቡዕ፣ ጥር 28

ባለቤቴ፦ እንቅልፍ የለህም፣ ሐኪም ይይህ።
እኔ፦ ሥራ ነው።
ባለቤቴ፦ ይሁና።

ይህቺ «ይሁና» የምትላት ነገር ከስድብ ትብሳለች።

ክለቡን ማን ሰበሰበው? እኔ። አዳራሹን ማን ለመነ? እኔ። ይሄ ልጅ አዳራሹን በር ላይ ቆሞ ሲያይ ግባ ያለው ማነው? አሁንም እኔ። ታዲያ አንድ ቀን፣ አንዲት ፖስታ። ይህቺን ቃል በልቤ ስንት ጊዜ እንዳልኳት! ስደጋግማት ትንሽ የምትሆን ይመስል።


አርብ፣ ጥር 30

ከሥራ ወጥቼ እትዬ ማኅተም ዘንድ ጎራ አልኩ። መነጽሩ እንዴት ነው ብዬ ነው የገባሁት።

በሩ ላይ ከውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ በፍርድ ቤት ጽሕፈታቸው፣ መስመሩ ሳይዛነፍ፦ «በር ተቆልፏል፣ 12 ሰዓት ከሩብ።» ወጥ ቤት ምድጃው ላይ፦ «ጠፍቷል፣ 1 ሰዓት።» ቧንቧው ላይም አለ። ቆጥሬ አልጨረስኩም።

ራሴን እየተቆጣጠርኩ ነው አሉኝ፣ ልክ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሚያወሩ ሁሉ። እናታቸውንም በዚህ ዕድሜ ነበር መርሳት የጀመራት፤ ዕቃ በማጣት ጀምራ በኋላ ልጆቿንም አላወቀች። ለማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዘዋል። ከዚያ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ጠይቀኝ አሉ፣ ማንም የማይጠይቀኝን ጠይቀኝ። ቀኑን ጠየቅኳቸው፣ መለሱ። የክለቡን ሰው ሁሉ ከነለበሱት ሰው አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ የሞቱትን ሳይቀር ነገሩኝ። ከስድስት ዓመት በፊት የተከፈተው ፖስታ ምን ይል እንደነበር ጠየቅኳቸው፤ ከነፊደሉ አሉልኝ። እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ።

«አንድም አልተሳሳቱም፤» አልኳቸው።

«ታዲያ ያንን እንዴት አላስታውሰውም?» አሉ። «ቦርሳዬ ከእጄ የወጣበትን ቀን። ሌሊት ሌሊት እፈልገዋለሁ፣ የለም።»

ሻያቸውን ጠጥቼ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ውሸታም ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። በመጽሐፍ ሳነብ እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ነበር የማውቀው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ተናገርኩ።

እጄን ሳላነሳ ነበር የጀመርኩት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። ወንበር ሲያስተካክሉ፣ ሲጫወቱ፣ ካፖርት ሲደርቡ ነበር። ሁለተኛ ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ፖስታውን የቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩ። እሁድ ዕለት፣ እቤታቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው በሰጡኝ ጊዜ። የጀልባው ወለልም አልተጋዘም ነበር፤ እዚያው ተናድጄ ያመጣሁት ነው። እሱን ሲሰሙት እኔን ስላልሰሙኝ ነው የገደልኩት።

ምክንያትም ልጨምር አስቤ ነበር፤ የክለቡን ታሪክ፣ ዘጠኙን ዓመት። መኪና ውስጥ አዘጋጅቼው ነበር። እትዬ ማኅተምን ሳያቸው ጠፋኝ።

 ዳቦ ጋጋሪዋ በስመ አብ አለች፣ ቀስ ብላ። ልጁ አልጋ ላይ እንደተቀሰቀሰ ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። እትዬ ማኅተም መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እኔ እኮ ለማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ፤» አሉ።

«ይሰርዙት፣ እትዬ። ምንም አልሆኑም።»

«እሰርዘዋለሁ።» ቦርሳቸውን አነሡ። «ደህና ይዋሉ፣ እርስዎ።»

ዘጠኝ ዓመት አንተ ልጅ ሲሉኝ ኖረው ነው። ላድርስዎ ብዬ ወደ በሩ ስከተላቸው አውቶቡስ አለ አሉኝ። ከመስኮቱ አየኋቸው፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር የሚሄዱት።

ምርጫው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ነርሷ ተራኪ ሆነች፤ የሁሉም እጅ ተነሣ፣ የእኔም ጭምር። እርስዎስ ይቀራሉ ወይስ ይመጣሉ ብለው ጠየቁኝ። ልቅር አልኩ። ነርሷ መቅረት ብሎ ነገር የለም፣ እንደ ማንኛችንም ሰው ለብሰው ይምጡ አለች። ቅጣት ይሁን ምሕረት አልገባኝም።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከመጋረጃው ላይ ቀና አላለችም። አውቄ ነበር አለች፤ ምኑን እንደሆነ እንጂ የሆነ ነገር እንዳለ አውቄ ነበር። ከዚያ ክር አስገባልኝ አለችና መርፌውን ሰጠችኝ። አስገባሁላት።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4

እትዬ ማኅተም ቤት በር ላይ ቆምኩ። ደወልኩ። ውስጥ መብራት አለ። አልከፈቱም፤ አልፈርድባቸውም።


እሁድ፣ የካቲት 9

ትናንት ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ደቂቃ እቀራለሁ ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ናት ገፍታ ያስወጣችኝ።

እትዬ ማኅተም መጥተዋል፣ ከነርሷ ጋር። አዲሱ ፖስታ ሁለት ፊርማ አለው፤ አንዱ የእሳቸው ነው። ሰላም አልኳቸው፤ እግዜር ይመስገን እርስዎ ደህና ነዎት አሉኝ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ልጁን መጠየቅ ነው። ስለ አሻጋሪው ምን ትላለህ፣ የሞተ ሰው ነው፣ እንደሞተ ይቅር ወይስ ምን ይሁን አለችው። ልጁ ትሪውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ፤ ሁላችንም ጠበቅነው፣ የቸኮለ የለም። «ይ... ይምጣ፤» አለ።

እጇን አነሣች። ሁሉም ቀጥ አለ፤ እኔም ቆምኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ በሰው እጅ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። አሻጋሪው አልሞተም አለች፤ ውኃው ወስዶ ከታች ካለው መንደር ጣለው፣ ዓሣ አጥማጆች አውጥተው አስታመሙት፣ ዛሬ አዲስ ጀልባ ሠርቶ ተመልሷል። እኔ ብሆን ይበልጥ አሳምረው ነበር። ግን በቃ፣ ይበቃል።

ልጁ ካፖርቱን ደረበ። እኔ ምን እንደምሆን ነርሷ ጠየቀችኝ። ለስንቱ ሰው ሥራና ጠባይ እንዳልሰጠሁ፣ ለራሴ አንድ እንኳ አላዘጋጀሁም። መሻገር የሚፈልግ ሰው አልኩ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም።

አግዳሚ ወንበሮቹ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ሰዉ ተሳፍሯል፣ ልጁ ከኋላ ቆሟል። ብዙ ጊዜ አየኝ። ሊከለክለኝ ይችላል፤ ጀልባው የእሱ ነው፣ ማንም አያስገድደውም። ወደ ነርሷ ዞር ብዬ አየሁ፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው። ልቤ ይመታል። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የእንጨት ወንበር ፊት ቆሜ ልቤ ይመታል።

ከዚያ ተናገረ። ያ ድምፅ ነው፤ ያልተሰበረ፣ ያልቸኮለ።

«ወንዙ ዛሬም ሞልቷል። ጀልባዬ አዲስ ናት፣ እንጨቷ ገና አልጠጣም፤ ውኃ ታስገባለች። የምወስደው ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ አይሄድም። ያ ቆርቆሮ ይታይሃል? ከፊት ተቀመጥና ማዶ እስክንደርስ ውኃውን እየቀዳህ ወደ ውጭ ድፋ። ከደከመህ እንሰጥማለን፤ እኔም አብሬ እሰጥማለሁ።»

አንድ ቃል አልተያዘበትም።

ተቀመጥኩ። ቆርቆሮ አልነበረም፤ በባዶ እጄ ነው የቀዳሁት። ጎንበስ እላለሁ፣ እቀዳለሁ፣ በጎን እደፋለሁ። መሀል ወንዝ ላይ ዝናብ መጣ አለች ነርሷ፤ ፈጠን አደረግሁ። ከኋላዬ አሻጋሪው ሰዎቹን ሲያጫውታቸው፣ ሲያስቃቸው እሰማለሁ። ዞር ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ውኃው ይገባል።

ዛሬ ጠዋት ቀኝ ክንዴን ማንሳት አቃተኝ። ባለቤቴ እያሸችኝ ምን ተሸክመህ ነው አለችኝ። ውኃ ስቀዳ ዋልኩ አልኳት።

«ደረሳችሁ?» አለች።

«ገና ነን፤» አልኳት። «ለቅዳሜ ቀጥሮናል።»